ስትሮክ ላደከመው እጅ የሚሠራ የአየር ጓንት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአየር የሚሠራ ለስላሳ ጓንት መሥራት ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። ሲሊኮን፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ጥቂት ቫልቭና ቀጭን ቱቦ ካለ፣ በጣት ላይ የታሰረው ባዶ ክፍል ሲነፋ ጣቱን ይዞ ይንቀሳቀሳል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንድፎችን ከነአሠራራቸው በኢንተርኔት በነጻ አቅርበዋል። ችግሩ የሚመጣው ጠረጴዛ ላይ ያማረው ጓንት በታማሚው እጅ ላይ ሲታሰር ነው።

ትልቁ ስህተት በራስ ጤነኛ እጅ ሞክሮ «ሠርቷል» ማለት ነው። ጤነኛ እጅ ሳይታወቀው ያግዛል። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ብዙዎቹ ግን ጣቶቻቸው ወደ መዳፍ ታጥፈው ይቀራሉ፤ የሚቸግራቸው መጨበጥ ሳይሆን መልቀቅ ነው። ሠሪው ግን ቀድሞ የሚያስበው ስለ ማስጨበጥ ነው፤ ብርጭቆ ሲነሣ ማሳየት ለቪዲዮ ያምራልና። እጁ ዝሎ የተንጠለጠለ ታካሚም አለ፤ ለእርሱ ማስጨበጡ ይጠቅማል። የትኛው እንደሆነ ፊዚዮቴራፒስት ሳይጠይቁ ሲሊኮን መበጥበጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌላው ችኮላ ነው። እንዲህ የተኮማተረ ጡንቻ በፍጥነት ሲጎተት ይብሱን ይጠነክራል፤ በዝግታ ሲጎተት ይላላል። ስለዚህ አየሩ ቀስ ብሎ እንዲገባ ቱቦው ላይ ማጥበቢያ ያድርጉ። አምስት ጣት ያለው ሙሉ ጓንትም አይስፉ፤ የተጨበጠ እጅ አይገባበትም። መዳፉ ክፍት ሆኖ በየጣቱ በተለጣፊ ማሰሪያ የሚያዝ፣ ባለቤቱ በደህናው እጁ ብቻ አስሮ የሚፈታው ይሁን።

ሲሊኮኑን የላቴክስ ጓንት አጥልቆ ማማሰልም የተለመደ ጥፋት ነው። በፕላቲነም የሚጠነክረው ዓይነት ላቴክስ ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር አይስማማም፤ በማግስቱ ሞልዱ (ሲሊኮኑ የፈሰሰበት ቅርጽ) ሲከፈት እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር ይጠብቅዎታል። የናይትራይል ጓንት ይጠቀሙ። የአየር አረፋውንም ያስወጡ፤ ስስ ግድግዳ የሚፈነዳው አረፋ ባለበት ነው።

አዲስ አበባ ለሚሠሩ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት እንደ ባሕር ዳርቻው 101 ሳይሆን 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ከባዶ ጀምሮ ፍጹም ግፊትን የሚለካ ሴንሰር ገዝተው፣ ከኢንተርኔት ባገኙት ፕሮግራም 101 ከቀነሱለት፣ «50 ላይ አቁሜዋለሁ» ሲሉ ጓንቱ ውስጥ ያለው 74 ነው። ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሴንሰሩ ያነበበውን ቁጥር ዜሮ ብለው ይያዙ። አየር በመምጠጥ የሚሠራ ዓይነት ከመረጡም ከጉልበቱ ሩብ ያህል እንደሚያጡ ይቁጠሩ፤ የሚገፋው የውጭው አየር ነውና።

መብራት ሲጠፋ አየሩን ቆልፎ የሚይዝ ቫልቭ መግጠም ደግሞ ይቅርታ የሌለው ስህተት ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራሱ የሚከፈተውን ይምረጡ፤ ከመጠን ያለፈ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭም ይጨምሩ።

ወጪ ሲሰላ ጓንቱ ብቻ ይቆጠራል፤ ፓምፑና ባትሪው ይረሳሉ። ክብደታቸውም እንዲሁ። ፓምፑንና ባትሪውን የያዘው ሳጥን ወገብ ላይ እንጂ ክንድ ላይ አይሁን።

ቆዳን አለማየትም አለ። ስትሮክ የመታው እጅ ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል ማሰሪያው ቢያቆስለው እንኳ ላያመው ይችላል። መመሪያዎች «መቅላቱን ይመልከቱ» ይላሉ፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት ጎልቶ አይታይም። ጓንቱ በወለቀ ቁጥር ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ በእጅ ይዳስሱ፤ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ ወይም የጠጠረ ከሆነ ማሰሪያውን ሳያስተካክሉ መልሰው አያጥልቁት።

በመጨረሻም ማሽኑ ሁሉን እንዲሠራ መተው አለ። እጅ የሚያገግመው ባለቤቱ ራሱ ሲጥር ስለሆነ፣ ቁልፉ እንደተጫነ ፓምፑ ወዲያው አይነሣ። ታካሚው አስቀድሞ ጣቱን ለመክፈት እንዲሞክር ጥቂት ሰከንድ ይስጡት፤ አየሩ የቀረውን ይጨርስለት።