በጣሪያ ዲሽ 1420 ሜጋኸርትዝን ማዳመጥ እንዴት ይጀመራል?

ከሌላ ዓለም መልእክት ቢላክ በየትኛው ሞገድ እንፈልገው? ኮኮኒና ሞሪሰን የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1959 የጠቆሙት ሃይድሮጂን በተፈጥሮው የሚረጨውን 1420.4 ሜጋኸርትዝ ነው። ይህን ፍለጋ ከቤት ሆኖ መሞከር ይቻላል። ግን የጋላክሲያችንን የሃይድሮጂን ሞገድ እንኳ ያልያዘ መሣሪያ ሌላ ነገር ቢያሳይ አይታመንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሃይድሮጂኑን ይያዙ።

1. ዲሹ። አሮጌው ባለ 1.8 ሜትር ዲሽ ከትንንሾቹ እጅግ ይሻላል። ወንፊት ቢሆንም ግድ የለም። ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለውን መቀበያ) ፈትተው ያውጡ።

2. ጣሳው። ስፋቱ 15፣ ርዝመቱ 28 ሴ.ሜ ገደማ የሆነ፣ አንድ ጫፉ የተዘጋ የብረት ጣሳ ያስፈልጋል። ከ12.4 ሴ.ሜ የጠበበ ከሆነ ሞገዱ ፈጽሞ አይገባም። ከተዘጋው ጫፍ 9.3 ሴ.ሜ ላይ (ለ16 ሴ.ሜ ጣሳ 8.3) በስተው ኮኔክተር ይግጠሙ፤ በውስጥ በኩል 5 ሴ.ሜ የመዳብ ሽቦ ይበየድበት። የጣሳው አፍ ወደ ዲሹ ዞሮ ኤልኤንቢው በነበረበት ቦታ ይታሰር።

3. ማጉያው። ለ1420 የተሠራና ማጣሪያ ያለው ይግዙ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ቦታው ጣሳው ላይ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አጠገብ አይደለም፤ ገመዱ ሞገዱን ካዳከመው በኋላ ማጉላት ጫጫታውንም ማጉላት ነው። ኃይል የሚያገኘው በገመዱ በኩል ከአርቲኤል-ኤስዲአር (ኮምፒውተር ላይ ከሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ) ነው፤ ይህን አማራጭ በመቀበያው ፕሮግራም ላይ ማብራት አይርሱ። ገመዱን በስህተት የቴሌቪዥን ሪሲቨር ላይ ከሰኩት 13 ወይም 18 ቮልት ይመጣና ማጉያው ይቃጠላል።

4. ቀረጻው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ትልቅ ጉብታ ሃይድሮጂን አይደለም፤ የማጣሪያው የራሱ ቅርጽ ነው። ሁለት ጊዜ መቅዳት ግድ ነው። አውቶማቲክ ማጉላቱን ያጥፉ፣ የሚቀዳውን ሞገድ መሃል 1420.0 ሜጋኸርትዝ ላይ ያድርጉ፣ ዲሹን ከፍኖተ ሐሊብ (ሰማይ ላይ እንደ ጭረት ከሚታየው ጋላክሲያችን) አርቀው 5 ደቂቃ ይቅዱና አማካዩን ይውሰዱ። ከዚያ ምንም ሳይነኩ ወደ ፍኖተ ሐሊብ አዙረው እንደገና 5 ደቂቃ ይቅዱ፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ የሚቀረው ትንሽ ጉብታ ሃይድሮጂኑ ነው። ጋዙ ስለሚንቀሳቀስ ከ1420.4 ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በሴኮንድ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 0.47 ሜጋኸርትዝ ያህል ያሸሸዋል። ከአዲስ አበባ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ በደቡብ 52 ዲግሪ ከፍታ ላይ የጋላክሲው መሃል ይገኛል። ደመና ይህን ሞገድ ስለማያግደው ክረምት መሆኑ አያሳስብም።

5. እንግዳ ምልክት ቢታይ። ቀጭን መስመር ሲያዩ መጀመሪያ ዲሹን ያዙሩ፤ ካልጠፋ ምንጩ ቻርጀር፣ ኮምፒውተር ወይም ጎረቤት ነው። ከሰማይ የመጣ ምልክት መሬት ስትዞር ቀስ ብሎ ይጠነክርና ይደክማል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1977 በአሜሪካ ኦሃዮ የተቀዳው፣ ምንጩ ያልተረጋገጠው «ዋው» የተባለ ሲግናል ለ72 ሴኮንድ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የ1.8 ሜትር ዲሽ እይታ ሰፊ ስለሆነ ግን ማለፊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዲሹን ሳያንቀሳቅሱ በማግስቱ ይጠብቁ። 4 ደቂቃ ቀድሞ ከተመለሰ ከከዋክብት ጋር እየሄደ ነው፤ ሰዓቱን፣ ሞገዱንና ዲሹ ያነጣጠረበትን አቅጣጫ መዝግበው ሌላ ከተማ ያለ አድማጭ በራሱ መሣሪያ እንዲያየው ይጠይቁ።