የንግሥት ኡራካን ሕይወትና ዘመነ መንግሥት እንዴት ማጥናትና መጻፍ ይቻላል?

ከ1109 እስከ 1126 በዛሬዋ ስፔን የነበሩትን የሌዮንንና የካስቲያን መንግሥታት በራሷ ስም የገዛችውን የንግሥት ኡራካን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የመረጃ እጦት ሳይሆን የመረጃው ወገንተኝነት ነው። በዘመኗ ስለ እርሷ በሰፊው ከጻፉት መካከል ዋነኞቹ፣ በግዛት፣ በገንዘብና በሥልጣን ከእርሷ ጋር ሲጣላና ሲታረቅ የኖረው የኮምፖስቴላው ጳጳስ የዲየጎ ጌልሚሬስ አገልጋዮች ናቸው። ስለዚህ ከዜና መዋዕሎቹ ተነሥቶ ንግሥቲቱ መሬት የሰጠችባቸውን ሰነዶች ለማስረጃነት ከመፈለግ ይልቅ፣ በሰነዶቹ የዘመነ መንግሥቷን አጽም ከሠሩ በኋላ ዜና መዋዕሎቹን በዚያ መመዘን ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ እዚህ የቀረቡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሥራውን በስሞች ይጀምሩ። አባቷ አልፎንሶ 6ኛ፣ ሁለተኛ ባሏ የአራጎኑ አልፎንሶ 1ኛ፣ ልጇና ወራሿም አልፎንሶ 7ኛ ስለሆኑ፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ «አልፎንሶ» ብቻ ብሎ መጻፍ አንባቢን ወዲያው ያሳስታል፤ ሁልጊዜ «አባቷ»፣ «የአራጎኑ ንጉሥ»፣ «ልጇ» እያሉ መለየት ይገባል። የእርሷም ስም ቢሆን ያው ነው። በሌዮን ከተማ በሳን ኢሲዶሮ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውና በኡራካ ስም የሚጠራው ዝነኛ ጽዋ የእርሷ ሳይሆን የአክስቷ፣ የፈርናንዶ 1ኛ ልጅ የሆነችው ኡራካ ስጦታ ነው፤ የናቫራው ንጉሥ ሚስት የሆነችው ኡራካ ደግሞ የልጅ ልጇ ናት። በትውልድ ሐረጉ ላይ የናቫራውን ሳንቾ 3ኛ ማስፈር ፈጽሞ አይዘንጋ፤ ንግሥቲቱም ሁለተኛ ባሏም የእርሱ የልጅ ልጅ ልጆች በመሆናቸው ትዳራቸውን ያፈረሰው የሥጋ ዝምድና ከዚያ ይመነጫልና።

ቀጥሎ ዙፋኑ ወደ እርሷ እንዴት እንደ ደረሰ በአጭሩ ግን በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። አልፎንሶ 6ኛ በ1085 ቶሌዶን ከያዘ በኋላ ኃይሉ የገነነ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ አግብቶ ወንድ ወራሽ ያገኘው ሳይዳ ከተባለች ሙስሊም ሴት ብቻ ነበር፤ ያም ልጅ ሳንቾ በ1108 በኡክሌስ ጦርነት ከሰሜን አፍሪካ ከተነሡት ሙስሊም ገዢዎች ከአልሞራቪዶች ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ከቡርጎኟ ኮንስታንስ የተወለደችው ኡራካ ገና በልጅነቷ ለቡርጎኙ ራይሞን ታጭታ ነበር፤ ከእርሱም ጋር የመንግሥቱን ሰሜን ምዕራባዊ ግዛት ጋሊሲያን እያስተዳደረች ሳንቻንና በ1105 የተወለደውን አልፎንሶን አፈራች። ራይሞን በ1107 ሲሞት ጋሊሲያ በእርሷ እጅ ቀረ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አባቷ በ1109 ሲያርፍ ዙፋን ላይ የወጣችው ልምድ የሌላት ልጅ ሳትሆን፣ በሃያዎቹ መጨረሻ ወይም በሠላሳ ዓመት ገደማ ላይ የምትገኝ፣ የሁለት ልጆች እናትና የራሷ ግዛት የነበራት ሴት ናት። ብዙ ጽሑፎች ይህን የጋሊሲያ ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉትና ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ መኳንንትን ማስተዳደር ከየት እንደ ተማረች ማስረዳት ያቅታቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ማለትም ወደ ስጦታ ሰነዶቹ እንግባ። አንድ የንግሥቲቱ ሰነድ በተለመደው መልኩ የእግዚአብሔርን ስም በመጥራት ይጀምርና፣ «እኔ ኡራካ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የመላው እስፓንያ ንግሥት» በሚል ዓይነት አነጋገር ሰጪዋን ይሰይማል፤ ከዚያም መሬቱን የሚቀበለውን ገዳም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ባለሟል፣ የመሬቱን ወሰንና የስጦታውን ምክንያት ይዘረዝራል፤ ስጦታውን የሚነካ ሁሉ ከዳታንና ከአቤሮን፣ ወይም ከከሃዲው ይሁዳ ጋር ዕጣው እንዲሆን ይረግማል፤ በመጨረሻም ዘመኑን፣ የጸሐፊውን ስምና ሰነዱን ያጸኑትን የጳጳሳትና የመኳንንት ዝርዝር ያስቀምጣል። ጀማሪ አጥኚ ዓይኑ ስጦታው ላይ ያርፋል። ለእኛ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ያ አሰልቺ የስም ዝርዝር ነው፤ ባለፈው ዓመት በአጽኚዎች መካከል የነበረ አንድ መኰንን ከዝርዝሩ ጠፍቶ ቆይቶ ዳግም ብቅ ሲል፣ ዜና መዋዕል ያልመዘገበውን ኩርፊያና ዕርቅ ሊጠቁም ይችላልና።

ዘመኑን ሲያነቡ ሰነዶቹ በክርስቶስ ልደት ሳይሆን «የእስፓንያ ዘመን» በሚባለው አቆጣጠር እንደሚጻፉ ያስታውሱ፤ ይህ አቆጣጠር በ38 ዓመት ስለሚቀድም ከእያንዳንዱ ቁጥር 38 መቀነስ ያስፈልጋል። ዘመን 1147 የሚል ሰነድ የ1109፣ ዘመን 1164 የሚል ደግሞ የ1126 ነው ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም፣ ቁጥሩ በሮማውያን ፊደላት ስለሚጻፍና ገልባጮች አንድ ፊደል ሲጥሉ ዓመቱ ስለሚዛባ፣ ቀኑን ከአጽኚዎቹ ሹመትና ዕድሜ ጋር ማስተያየት ግድ ይላል። ብዙዎቹ ሰነዶች በኋላ ዘመን ቅጂ ብቻ የደረሱን ናቸው፤ ከመካከላቸውም ገዳማት ርስታቸውን ለማስከበር የፈጠሯቸው ሐሰተኞች አሉበት። ቀኑና ቦታው የታመነውን እያንዳንዱን ሰነድ በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ ንግሥቲቱ በሌዮን፣ በካስቲያና በጋሊሲያ መካከል ያለ ዕረፍት ስትጓዝ ይታያሉ፤ የዘመኑ መንግሥት በአንድ ከተማ የተቀመጠ ሳይሆን ከንጉሡ ኮርቻ ጋር የሚንቀሳቀስ ነበር።

በስሟ የተመቱ ሳንቲሞችም አሉ፤ በጋሊሲያ በሚገኘው በኮምፖስቴላ ካቴድራል ከ1129 ጀምሮ በተዘጋጀው «ቱምቦ አ» በተባለው የሰነዶች መዝገብ ውስጥ ደግሞ ከነገሥታቱ ጋር የእርሷ ሥዕል ተሥሏል። ሥዕሉ ከሞተች በኋላ የተሠራ ስለሆነ መልኳን ይነግረናል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ነገር ግን ያ ቤተ ክርስቲያን ራሱ በንግሥና ማዕረግ እንደ ቆጠራት ያስረዳል።

የጋብቻው ጉዳይ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። በ1109 መገባደጃ የአራጎኑን ንጉሥ ስታገባ፣ በመካከላቸው የተጻፈው ውል ወንድ ልጅ ቢወለድ የሁለቱንም መንግሥታት እንዲወርስ የሚያደርግ ነበር። ይህን ከራይሞን በተወለደው ሕፃን ዓይን ሲያዩት፣ ጋሊሲያውያን ለምን እንደ ተነሡ ወዲያው ይገባል፦ ውሉ ልጁን ከዙፋን የሚያርቅ ነበርና። የልጁ አሳዳጊ የትራባው ኮንት ፔድሮ ፍሮይላስና የኮምፖስቴላው ጳጳስ ዲየጎ ጌልሚሬስ በመስከረም 1111 ሕፃኑን በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ንጉሥ አድርገው ቀቡት። የቶሌዶው ሊቀ ጳጳስ በርናርድ ጋብቻውን በዝምድናው ምክንያት ተቃወመ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፓስካል 2ኛም አወገዙት። ባልና ሚስቱ ተጣሉ፤ በካንደስፒና በተደረገው ጦርነት የንግሥቲቱ ዋነኛ ደጋፊ ኮንት ጎሜስ ጎንሳሌስ ሞተ። ከዚያ በኋላ የታየውን መለያየት፣ መታረቅና እንደገና መጣላት እያንዳንዱን ለመተረክ ከመሞከር ይልቅ፣ በየወቅቱ ማን የትኛውን ምሽግ እንደ ያዘ የሚያሳይ ሰንጠረዥ መሥራት ይበጃል። ነገሩን የሴት ልብ ወላዋይነት አድርገው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ሰንጠረዡ የሚያሳየው አንድ በአንድ ተቃዋሚዎቿን የምትነጣጥል፣ ከአንዱ ጋር ስትታረቅ ሌላውን የምትከብ ፖለቲከኛ ነው።

ዜና መዋዕሎቹን የሚያነቡት አሁን ነው። «ሂስቶሪያ ኮምፖስቴላና» በጌልሚሬስ ትእዛዝ የተጻፈ የጳጳሱ ሥራ መዝገብ ነው፤ ንግሥቲቱ ጳጳሱን ስትደግፍ ያመሰግናታል፣ በ1121 እንዳደረገችው ስታስረው ደግሞ ይረግማታል። ዘዴው እያንዳንዱን ክፍል ከማንበብ በፊት «በዚህ ወር ጳጳሱና ንግሥቲቱ ምን ላይ ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በ1117 ገደማ የኮምፖስቴላ ነዋሪዎች ባመፁ ጊዜ የሆነውን ለምሳሌ እንውሰድ። ንግሥቲቱና ጳጳሱ ከካቴድራሉ ግንቦች በአንዱ ተሸሸጉ፤ አመፀኞቹ ግንቡን በእሳት ለኮሱ። ጭሱና ነበልባሉ ሲያይል ንግሥቲቱ ደኅንነቷ ሊጠበቅ ቃል ተገብቶላት ወጣች፤ ሕዝቡ ግን ጎትቶ ጭቃ ላይ ጣላት፣ ልብሷን ቀደደ፣ አንዲት አሮጊትም ጉንጯን በድንጋይ መታቻት ይላል ጸሐፊው። ጳጳሱ በበኩሉ ተሸፋፍኖ በሕዝቡ መካከል አመለጠ። ጸሐፊው የሚራራላት በዚያ ሰዓት የጌታው የመከራ ጓደኛ ስለሆነች ነው፤ ሆኖም የአመፁን ሥር፣ ማለትም የከተማው ነዋሪዎች በጳጳሱ ጌትነት መማረራቸውን፣ ሊገልጥ አይፈልግም። እርሷ ግን አምልጣ ጦር አሰባስባ ከተማዋን አስገበረች፤ ይህ ግማሹ ታሪክ ሲሆን በብዙ አጫጭር ጽሑፎች ይቀራል።

የሳአጉን ገዳም ስም የለሽ ዜና መዋዕል ለንግሥቲቱ ይበልጥ ያደላል፤ የአራጎን ወታደሮች ያስጨነቁትና አባቷ የተቀበረበት ገዳም ነውና። የደረሰን ግን በኋላ ዘመን ወደ ካስቲያ ቋንቋ የተተረጎመው ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ በቃላቱ ላይ ጥብቅ መደምደሚያ መመሥረት አይቻልም።

ከኮንት ፔድሮ ጎንሳሌስ ደ ላራ ጋር የነበራትን ግንኙነትና ከእርሱ የወለደቻቸውን ልጆች መደበቅም ማጋነንም አያስፈልግም። ዳግመኛ ብታገባ አዲሱ ባል ዙፋኑን በይፋ ይጋራት ነበር፤ ያለ ጋብቻ የላራን ቤት ኃይል ከጎኗ ማቆየቷ ይህን አደጋ እንዳስቀረላት ማመዛዘን ተገቢ ነው። ከግማሽ እኅቷ ከፖርቱጋሏ ቴሬሳ ጋር ያደረገችው የወሰን ትግል ሌላ ጥናት የሚሻ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ እዚህ በአንድ አንቀጽ ቢታለፍ አይጎዳም። ጌልሚሬስን ወደ ሊቀ ጳጳስነት ያሳደጉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ካሊክስቱስ 2ኛ የራይሞን ወንድም፣ የልጇም አጎት መሆናቸው ግን መጠቀስ አለበት፤ ከ1119 በኋላ ሮም ለማን እንደምታደላ የሚያስረዳው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ንግሥቲቱ በመጋቢት 1126 በሳልዳኛ አርፋ በሌዮን በሳን ኢሲዶሮ ተቀበረች። በወሊድ ሞተች የሚለው ወሬና የሳን ኢሲዶሮን ሀብት ዘርፋ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ተቀሠፈች የሚለው አፈ ታሪክ፣ ስለ እርሷ ምን ይባል እንደ ነበር በሚያስረዳ በተለየ ክፍል ይግቡ እንጂ ከአሟሟቷ ትረካ ጋር አይቀላቀሉ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለመጻፍ ደግሞ የልጇን የመጀመሪያ ዓመታት ሰነዶች ከእናቱ የመጨረሻ ዓመታት ሰነዶች ጎን ያስቀምጡና አጽኚዎቹን ያነጻጽሩ፤ ከእናትየው አደባባይ ወደ ልጁ አደባባይ የተሻገሩትን መኳንንትና ጳጳሳት ስም በስም ሲቆጥሩ፣ አልፎንሶ 7ኛ የተረከበው መንግሥት በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ ከዚያ ዝርዝር ይነበባል።