መጥሪያው ብፌ ውስጥ፣ ባለጉዳዩ ባሕር ማዶ

እናቴ የፍርድ ቤቱን መጥሪያ ፈርማ ተቀበለች፤ አጣጥፋም ብፌው ውስጥ ከእንግዳ ስኒዎቹ ሥር አኖረችው። «በሰው አገር ያለ ልጄን ምን አስጨነቀኝ» ብላ ነው። እኔ ነገሩን የሰማሁት ጎረቤት ደውሎ «ቤታችሁን በሐራጅ ሊሸጡት ነው አሉ» ሲለኝ ነበር።

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቀጠሮ የቀረ ተከሳሽን ማንም ተቀምጦ አይጠብቀውም። መጥሪያው በአግባቡ መድረሱ ከተረጋገጠ ችሎቱ «ጉዳዩ ተከሳሽ በሌለበት ይታይ» ብሎ ያዛል፤ የጽሑፍ መልስ በቀኑ ካልገባም መልስ የማቅረብ መብት ይታለፋል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ከሳሹ ብቻ ነው። የተከሳሹ አድራሻ ካልታወቀ ጥሪው በጋዜጣ ሊወጣ ይችላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሪያድ ተቀምጦ አዲስ ዘመን የሚያገላብጥ ስንት ሰው አለ? ከሳሹ እርስዎ ከሆኑና ከቀሩ ደግሞ፣ ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን ከካደ መዝገቡ ይዘጋል።

መመለሻ መንገዱ ቁጥር 78 ነው። በሌሉበት የተፈረደብዎት እንደሆነ፣ ፍርዱን ካወቁበት ቀን አንስቶ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳ ማመልከት ይችላሉ። መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰዎት ወይም በቂ እክል እንደገጠመዎት ማስረዳት ግን የእርስዎ ፈንታ ነው። «ያወቁበት ቀን» የሚለውን በቀላሉ አይለፉት። ወንድምዎ የፍርዱን ፎቶ በዋትስአፕ የላከበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ያችን መልእክት ተቃራኒ ወገንም ሊጠቅሳት ይችላል።

ወሩ ደግሞ አያወላዳም። ውክልናው ቆንስላ ተፈርሞ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ ጠበቃው እጅ እስኪገባ ድረስ ቀናቱ ይነጉዳሉ። ስለዚህ ክስ ሳይመጣ ይላኩት። ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ ብለውም አይዘናጉ፤ ለመታረቅም ሆነ ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ይግባኝ 60 ቀን አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቁጥር 326 ነው፦ የይግባኙ ጊዜ ያለፈው በጠበቃው ወይም በወኪሉ ጥፋት ከሆነ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። «አጎቴ ረስቶት ነው» ማለት አያዋጣም። ወኪል ሲመርጡ ከዝምድናው ይልቅ ቀጠሮ አክባሪነቱን ይዩ፤ ያልተመረጠው ዘመድ ቢቀየምም ይችሉታል።

የእኛ ፍርድ ተነሥቶ ክርክሩ እንደገና ሲከፈት፣ የአጎቴ ልጅ «ምስክር የሚሰማው 7/9 ነው» ብሎ ጻፈልኝ። አሜሪካ ለኖረ ሰው 7/9 ጁላይ 9 ነው፤ ለእሱ ግን ግንቦት 7፣ ማለትም ሜይ 15 ነበር። ትኬቱን ለጁላይ ቆርጬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጠበቃው በአጋጣሚ ባይደውል ኖሮ ችሎቱ ካለፈ ከ50 ቀን በላይ ቆይቼ ልደርስ ነው። አሁን ወሩ በስሙ ካልተጻፈ፣ ሰዓቱም «ከጠዋቱ 3» ካልተባለ አልቀበልም። የመዝገብ ቁጥሩንና የችሎቱን ስም እኔው ይዣለሁ፤ ጠበቃውም ከችሎት በወጣበት ቀን የትእዛዙን ፎቶ ይልካል።

እናቴም ተምራለች። የውኃ ክፍያ ወረቀት እንኳ ሲመጣ ስልኩን ቀና አድርጋ ማኅተሙን ታሳየኛለች።