ሥራ ፈላጊን በብድር ታሪኩ ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ከተማ የቡና መጋዘን፣ ሆቴል ወይም የጅምላ መደብር ያላቸው ነጋዴዎች ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲቀጥሩ ከትምህርትና ከሥራ ልምድ ማስረጃ ጋር ተያዥ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ብድር በቴሌብር ጭምር በሚገኝበት በዚህ ጊዜ ደግሞ «ዕዳ አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ተገቢ የሚሆነው ለጥቂት የሥራ መደቦችና አመልካቹ እያወቀ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ከዚህ ውጪ ቀጣሪውንም ተቀጣሪውንም ይጎዳል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ዕዳን የእምነት ማጉደል ምልክት አድርጎ መውሰድ ነው። የጅማና የአካባቢው ኑሮ ከቡና ጋር የተሳሰረ ነው፤ ገንዘብ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ቡና በሚለቀምበትና በሚሸጥበት ወቅት ሲሆን፣ ክረምቱን ብዙ ቤተሰብ የሚሻገረው ተበድሮ ነው። ዋጋ ሲወርድ፣ ቤተሰብ ሲታመም ወይም በቡድን ዋስትና አብረውት ከተበደሩት አንዱ ሳይከፍል ሲቀር፣ ጠንቃቃው ሰው ጭምር ክፍያ ያሳልፋል። የብድር መረጃ ግን የሚያሳየው የብድሩን መጠንና ክፍያው የዘገየበትን ጊዜ እንጂ የዘገየበትን ምክንያት አይደለም።

ደግሞስ በቡና መጋዘን ውስጥ ጉድለት የሚፈጠረው የት ነው? ብዙውን ጊዜ ሚዛኑ ላይ ነው። ጀንፈሉን የሚመዝነው፣ የጆንያውን ክብደት የሚቀንሰው፣ ደረሰኝ የሚቆርጠውና ሒሳቡን የሚከፍለው አንድ ሰው ከሆነ፣ ምንም ዕዳ የሌለበት ሠራተኛ ቢቀጠርም ቀዳዳው ክፍት ነው። መዛኙን ከከፋዩ መለየት፣ የገቢና የወጪ ሰነዶችን ከመጋዘኑ ቆጠራ ጋር ማመሳከርና ቆጠራውን ሳይታሰብ ማድረግ ከማንኛውም የብድር ታሪክ ይልቅ ንብረትን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ስህተት የብድር ታሪክ አለመኖርን እንደ ጥርጣሬ ወይም እንደ ንጽሕና ምልክት መቁጠር ነው። በጅማ ወለድ በሃይማኖቱ ስለማይፈቀድለት ከባንክ ብድር የራቀ ሰው ብዙ ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ዕቁቡን ለዓመታት አንድም ዙር ሳያጓድል የጣለ ሰው በባንክ መዝገብ ላይ ስሙ ላይገኝ ይችላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ላይ ያለ የወጪ መጋራት ዕዳም ተምሮ መመረቁን እንጂ ሌላ ነገር አይነግርም።

ሦስተኛው፣ መረጃውን በጓሮ በር ማግኘት ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ማዕከል የተቋቋመው አበዳሪ ተቋማት ብድር ከመስጠታቸው በፊት የተበዳሪውን ሁኔታ እንዲያጣሩ እንጂ ነጋዴ ለቅጥር እንዲገለገልበት አይደለም። ባንክ የሚሠራ ወዳጅን «እስቲ ይህን ልጅ እይልኝ» ብሎ መጠየቅ ወዳጁን የደንበኛ ምስጢር እንዲያወጣ መገፋፋት ነው፤ ሥራውንም ሊያሳጣው ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይጠይቃል። ማወቅ ካስፈለገዎት አመልካቹን ራሱን ይጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

አራተኛው ሁሉንም አመልካች በአንድ ወንፊት ማሳለፍ ነው። ለምግብ አብሳይ፣ ለጽዳት ሠራተኛ ወይም ለጥበቃ የዕዳ ጥያቄ ምንም አይፈይድም። ይህ አሠራር በስፋት በሚታወቅበት በአሜሪካ እንኳ ዋሽንግተንን፣ ኢሊኖይንና ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች ቀጣሪዎች የብድር ታሪክን የሚጠይቁባቸውን የሥራ ዓይነቶች በሕግ ገድበዋል።

የመጨረሻው፣ በመዝገቡ ምክንያት ሰውን ጥሎ ምክንያቱን አለመንገር ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የብድር ሪፖርት ሕግ፣ በኋላ እንደተሻሻለው፣ ቀጣሪው አመልካቹን ከመጣሉ በፊት የሪፖርቱን ቅጂ እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ መዝገብ ይሳሳታልና። እኛ ዘንድ ደግሞ ስሕተቱ ከስም ሊመጣ ይችላል። መሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው በጅማ አንድ ብቻ አይደለም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የአንዱ ሰው ስም በየባንኩ የተለያየ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የአያትን ስምና የፋይዳ ቁጥርን ሳያመሳክሩ አይወስኑ። ያዩትን ወረቀት ለአመልካቹ ያሳዩት፤ ዕዳውን ከፍሎ ከሆነ ከአበዳሪው ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚያመጣበት ጥቂት ቀን ይስጡት፤ እስከዚያም ቦታውን ለሌላ አይስጡበት።