የተጣሉ ባሕታዊ ሸርጣኖች፦ ችግርና መፍትሔ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከባሕር ዳርቻ ሱቅ ተገዝተው፣ ልጆች ከሰለቿቸው በኋላ ለሌላ ሰው የሚተላለፉትን የየብስ ባሕታዊ ሸርጣኖች (በእንግሊዝኛ «ሄርሚት ክራብ» የሚባሉትን) ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች ታሪኩ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው። ቤተሰቡ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ኦሽን ሲቲ ይወርዳል፤ ልጁ ቀለም የተቀባ ቀፎ የተሸከመ ሸርጣን አይቶ አልሄድም ይላል፤ ሻጩም የሽቦውን ቤት ለገዛ ሸርጣኑ በነጻ እንደሚሰጥ ይናገራል። ለእኔ የሚደወለው ግን ኅዳር ላይ፣ የቤቱ ማሞቂያ መንፋት ሲጀምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ቀፎ ስል ሸርጣኑ የሚሸከመውን የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት፣ ቅርፊት ስል ደግሞ የራሱን ገላ የሚሸፍነውን ጠንካራ ልብስ ማለቴ ነው። እዚህ አገር በብዛት የሚሸጠው ትልቁ መቆንጠጫው ሐምራዊ የሆነው የካሪቢያን ዝርያ ነው። እጮቹ የሚያድጉት በባሕር ውስጥ ስለሆነ ቤት ውስጥ ማራባት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ በሱቅ የሚታየው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዱር የተለቀመ ነው። ስሙ «ባሕታዊ» ቢባልም በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ በደንብ ከተያዘ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችለው ይህ እንስሳ በሽቦ ቤት ውስጥ ጥቂት ወራት ቆይቶ ይሞታል። ንጹሑ ውሃና የጨው ውሃው በየራሳቸው ሳህን መቀመጥ እንዳለባቸው፣ ሳህኖቹም መውጫ ድንጋይ እንደሚያስፈልጋቸው አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፋለሁ።

ደንዝዟል፤ ሲነኩትም ወደ ቀፎው አይሸሸግም

ጤነኛ ሸርጣን ሲነኩት ወዲያውኑ ወደ ቀፎው ይገባና በትልቁ መቆንጠጫው በሩን ይዘጋል። የታመመው ግን ግማሽ ገላው ከቀፎው ተንጠልጥሎ፣ እግሮቹ ተዘርግተው፣ አንቴናዎቹ ሳይንቀሳቀሱ ይቀራል፤ አለዚያም ሌት ተቀን ከውሃው ሳህን አይለይም። ባለቤቶቹ «ቀን ቀን ይተኛል» ይሉኛል። ቀን መተኛቱ እውነት ነው፤ ሲነኩት አለመሸሸጉ ግን እንቅልፍ አይደለም።

ከሚመጡልኝ መካከል የአብዛኞቹ ችግር ይኸው ነው፤ መንስኤውም ደረቅ አየር ነው። ሸርጣኑ በየብስ ቢኖርም የሚተነፍሰው ዓሣ በሚተነፍስበት ዓይነት አካል፣ በጊል፣ ነው፤ ጊሉ የሚሠራው ደግሞ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። በቀፎው ውስጥ የሚቋጥራት ጥቂት ውሃም ለዚሁ ታገለግለዋለች። አየሩ ሲደርቅ ጊሉ ይደርቃል፤ እንስሳው በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ይታፈናል። የሚያስፈልገው እርጥበት ከ75 እስከ 85 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ75 እስከ 85 ፋራናይት ወይም ከ24 እስከ 29 ሴልሺየስ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች መመሳሰላቸው ለማስታወስ ይመቻል። በክረምት ማሞቂያ የሚነፋበት ሳሎን እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የሽቦ ቤት ማለት ሸርጣኑን በዚያ ሳሎን አየር ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ነው። ከቤቱ ጋር የሚሸጠው ስፖንጅ አየሩን አያረጥብም፤ የሚያረባው ነገር ቢኖር ባክቴሪያ ነው። በቀን ሁለቴ በውሃ መርጨትም ከሰዓት የማያልፍ እርጥበት ሰጥቶ መልሶ ያደርቃል።

አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ መለኪያ ገዝቶ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት ሦስት ሸርጣኖች ነበሯት፤ ሁለቱ ሞተው አንዱ ተንጠልጥሎ ነበር። «ወንድሜ፣ መለኪያው 80 ይላል እኮ፤ ምን ጎደለ?» አለችኝ። መለኪያው ከመስታወቱ ላይ የሚለጠፍ፣ ባለ መርፌ ክብ ነገር ነበር፤ መርፌዋም አረንጓዴው መስመር መካከል፣ በትክክል 80 ላይ ቆማለች። ነቅዬ አመጣሁትና የማሞቂያው አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም 80 ነበር። ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋትም 80። በጥፍሬ ሳንኳኳው መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ተመልሳ እዚያው ቆመች። ያች እናት አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ የምታየው ቁጥር ሥዕል ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሠሩትን ሰዎች በትዕግሥት መናገር ይከብደኛል። ባለ መርፌ መለኪያ አይግዙ፤ በስጦታ ቢሰጥዎም አይጠቀሙበት።

ዲጂታሉም ቢሆን ሳይፈተን አይታመንም። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ያድርጉ፤ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረው እንደ እርጥብ አሸዋ እንዲሆን ያድርጉ እንጂ አያሟሙት። ክዳኑንና መለኪያውን ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ አየር ሳያስወጡ አጥብቀው ይዝጉና አንድ ሌሊት ይተዉት። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 70 ካነበበ አምስት እየጨመሩ፣ 80 ካነበበ አምስት እየቀነሱ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ በላይ ከራቀ ለሻጩ ይመልሱት። ሲተክሉትም ከክዳኑ ሥር ሳይሆን ሸርጣኑ በሚሄድበት ከፍታ፣ ከአሸዋው በላይ ይሁን።

መፍትሔው ቤቱን መቀየር ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለም። ያገለገለ የዓሣ መስታወት ገንዳ በርካሽ ይገኛል፤ ለሁለት ትናንሽ ሸርጣኖች 10 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 38 ሊትር የሚይዘው፣ መነሻ ይሆናል። ክዳኑ መስታወት ይሁን፤ ወንፊት ከሆነም በወፍራም ላስቲክ ሸፍነው ዳር ዳሩን በፕላስተር ያሽጉት። «አየር አያጥረውም ወይ?» የሚሉ አሉ፤ ለመመገብ በየቀኑ ሲከፈት የሚገባው አየር ይበቃዋል። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠውን አሸዋ አምስት እጅ፣ የኮኮናት ቃጫ አንድ እጅ አድርገው ይቀላቅሉ፤ ጥልቀቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቅ ሸርጣን ካለ ደግሞ የቁመቱ ሦስት እጥፍ ይሁን። እርጥበቱ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ፣ ሲጨምቁት ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን፤ ለግድግዳ ምርጊት የተቦካ ጭቃ አያድርጉት። ለእንሽላሊት የሚሸጠውን የካልሲየም አሸዋ አይንኩ፤ ረጥቦ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል።

ውሃን በተመለከተ የዋሽንግተን ከተማና የአርሊንግተን ነዋሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የእነዚህ አካባቢዎች የቧንቧ ውሃ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የሚታከመው በክሎሪን ብቻ ሳይሆን ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ሲዋሃድ በሚገኘው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ ውሃውን በባልዲ ቀድቶ በማሳደር አይወጣም። ስለዚህ ለሳህኑም ለአሸዋውም የሚሆነው ውሃ ክሎራሚንን እንደሚያስወግድ በጽሑፍ የተገለጸ ጠብታ ያስፈልገዋል። ጨዉም ለባሕር ዓሣ ገንዳ የሚሸጠው እንጂ የወጥ ቤቱ አይደለም፤ የወጥ ቤቱ ጨው እንዳይቋጥር የሚጨመርበት ነገርና አዮዲን አለበት።

ማሞቂያው የሚለጠፈው ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ከአሸዋው ከፍታ በላይ ነው። ከሥር ከተደረገ ሙቀቱ በአሸዋው አልፎ ወደ አየሩ አይደርስም፤ የተቀበረውን ሸርጣን ግን ያበስለዋል። መብራት ደግሞ ሞቀ ሲባል ያደርቃል። አንድ ወዳጄ የእንሽላሊት መብራት ሰቅሎ እርጥበቱ ለምን እንደሚወርድ ለማወቅ ሳምንት ሙሉ ክዳኑን ሲያሽግ ከረመ፤ መብራቱን ባጠፋነው ማግስት መለኪያው ወደ 78 ወጣ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የመጣው ሸርጣን ሊሞት ይችላል። የተጎዳ ጊል በአንድ ሌሊት አይድንም፤ ከአዲሱ ቤት ከገቡ በኋላም በሳምንታት ውስጥ የሚሞቱ አሉ። ልናደርግ የምንችለው ሙቀትና እርጥበቱን ሳናወላውል ጠብቀን እጃችንን መሰብሰብ ነው። «ይጠንክር» ብለው ውሃ ውስጥ የሚነክሩትን፣ በየሰዓቱ አንስተው የሚያዩትን ሰዎች እባካችሁ ተዉት ስል ዓመታት አልፈዋል።

ከአሸዋው ሥር ገብቶ ሳምንታት ሆኖታል

ምክንያቱ በአብዛኛው ቅርፊት መቀየር ነው። ሸርጣን የሚያድገው አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ በአዲስ በመተካት ነው፤ ለዚህም ራሱን ይቀብራል። መካከለኛው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ትልቁ ግን ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው አለመቆፈር ነው። በዚህ ጊዜ ገላው እንደ ቅቤ ለስላሳ ስለሚሆን በጣት መነካት ብቻ ሊገድለው ይችላል፤ የጣለውን ቅርፊትም እዚያው ሥር ሆኖ እየበላ ካልሲየሙን መልሶ ይወስዳል። አይቆፍሩ። ለማየት ያህል እንኳ ጥግ ጥጉን አይቆፍሩ። የሞተ ከሆነ ሽታው ራሱ ይነግርዎታል፤ የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ስለሆነ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም።

አንድ አባት ልጆቹ እንዲቀብሩት ብለው ሸርጣናቸውን በክብሪት ሣጥን አድርገው አመጡልኝ። ሬሳ የተባለውን እግር በሁለት ጣቴ ስይዘው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተሰበረ፤ ውስጡ ባዶ፣ ሽታም የሌለው ነበር። እንስሳው ቅርፊቱን የጣለው ከአሸዋው በላይ ነበርና ቤታቸው ሄደን ስናይ ሮዝ መስሎ፣ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ከውሃው ሳህን ጀርባ ተወሽቆ አገኘነው። እንዲህ ከላይ ሲቀይር ሌሎቹ እንዳይበሉት የሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይና ታቹን ቆርጠው በዙሪያው ወደ አሸዋው ይስኩት፤ የጣለውን ቅርፊት አብሮት ይተዉለት፤ በጨርቅ ጋርደውም ይራቁት። የጣለው ቅርፊት ካልቀረለት የሚበላው ካልሲየም አያገኝም።

ከቀፎው ወጥቶ ራቁቱን ይሄዳል

ቀፎው ጠቦታል፣ ተሰንጥቋል፣ አሸዋ ገብቶበታል፣ ሙቀቱ በዝቷል፣ አለዚያም ሊሞት ተቃርቧል። በትንሽ ኩባያ ከታከመው የጨው ውሃ ጥቂት አድርገው፣ ታጥበው የተቀቀሉ ሁለት ሦስት ቀፎዎችን ከእሱ ጋር ያስገቡ፤ ጨለማ አድርገውም ይጠብቁ። በጉልበት አይክተቱት። ለሐምራዊው ዝርያ የሚስማማው አፉ ክብ የሆነ ቀፎ ነው፤ የአፉ ስፋት ከትልቁ መቆንጠጫው ጋር የተመጣጠነ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሸርጣንም ከሦስት እስከ አምስት ትርፍ ቀፎ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ይጣላሉ። የእግር ኳስ ክለብ አርማ የተሳለበት ቀፎ ቀለሙ ይላጣል፤ ሸርጣኑም ፍቅፋቂውን ይበላል። ይህን የሚሸጡ ሰዎች በገንዳዬ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ፍቅፋቂ ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር።

እግሩ ይረግፋል

አንድ እግር ከሆነ በሚቀጥለው ቅርፊት መቀየር ይመልሰዋል። በተከታታይ የሚረግፍ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመለሱ፤ መለኪያዎን እንደገና ይፈትኑ።

ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ አይበላም

ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ይበላ ይሆናል፤ በምግቡ ዙሪያ ያለውን የእግር ፈለግ ይመልከቱ። በሱቅ የሚሸጠውን ደረቅ እንክብል ይተዉት፤ አንዳንዱ መዳብ ያለበት ሰልፌት አለው፤ መዳብ ደግሞ ለሸርጣን መርዝ ነው። ቅመም ያልገባበት ዓሣ፣ የሽሪምፕ ልጣጭ፣ ሙዝ፣ ጎመን፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይስጡት። በጾም ወቅት እንቁላል ከቤት ስለሚጠፋ ቅርፊቱን አስቀድመው አድርቀው ያስቀምጡ። የወጥ ፍርፋሪ ግን አይሆንም፤ ዘይቱም ጨዉም በርበሬውም አይስማማውም። ገንዳውም ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ይራቅ፤ ለእኛ መዓዛ የሆነው ለእርጥብ ጊል ጭስ ነው።

ገንዳው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

ከሥር ውሃ ተጠራቅሞ አሸዋው ጠቁሯል። የተቀበረ ካለ እንኳ ለማውጣት የምፈቅደው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው፤ በእጅ፣ ከጥግ ጀምሮ፣ ከበቂ አሸዋ ጋር አፍሰው ወደ ሌላ የረጠበና የሞቀ ዕቃ ያዛውሩት። ከዚያም አሸዋውን በሙሉ ይቀይሩ።

ልጆች አዝነው ወደ ባሕር ሊመልሱት ይፈልጋሉ

አይመልሱት። በኦሽን ሲቲ ተገዛ እንጂ የኦሽን ሲቲ ተወላጅ አይደለም፤ አገሩ ደቡብ ፍሎሪዳና ካሪቢያን ስለሆነ የሜሪላንድን ክረምት አያልፈውም፤ የየብስ እንስሳ ስለሆነም ወደ ባሕር ቢጥሉት ይሰምጣል።

ጠፍቷል

በመለኪያው ሽቦ ተንጠላጥሎ፣ ሽቦው በሚያልፍበት የክዳን ክፍተት ወጥቷል። ማታ መብራት አጥፍተው፣ በዝቅተኛ ሳህን ውሃና ጥቂት የኦቾሎኒ ቅቤ ወለል ላይ አኑረው ያዳምጡ፤ ቀፎው እንጨት ወለል ላይ ሲጎተት ይሰማል። ከመታጠቢያ ቤትና ከማሞቂያው ቀዳዳ ፍለጋ ይጀምሩ፤ እኔ ያገኘሁት ግን በልጄ ስኒከር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እስኪገኝ ድረስ ጫማ ከማድረግዎ በፊት ያራግፉት።