ጥንዱ ኮከብ አንድ ሆኖ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ ከጣና ዳር

ጥንድ ኮከብ የምንለው በባዶ ዓይን አንድ የሚመስል፣ በቴሌስኮፕ ሲታይ ግን ለሁለት የሚከፈል ኮከብ ነው። ቴሌስኮፕ ያላቸው የባሕር ዳር ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ሁለት ኮከብ ነው ትላለህ፣ እኔ የማየው ግን አንድ ነው። የትኛውን አይፒስ ልግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ አሁን በየትኛው ነው ያየኸው? መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «በባለ 4 ሚሊሜትሩ» ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አይፒስ የምንላት ዓይናችንን የምናስጠጋባት፣ የምትቀያየረዋ ትንሿ ሌንስ ናት። ከዚህ በታች የማሰላው ሁሉ እኔ ባለኝ ቴሌስኮፕ ነው። የመስታወቱ ስፋት 114 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 900 ሚሊሜትር ነው። የእናንተ ሌላ ከሆነ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተጠቀሙ። ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የትኩረት ርቀቱን ለአይፒሱ ቁጥር ማካፈል ነው። ስለዚህ ባለ 25ቱ 36 ጊዜ፣ ባለ 10ሩ 90 ጊዜ፣ ባለ 4ቱ 225 ጊዜ ያጎላል።

«ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ ግን አንድ ነው»

ኮከቡ ጥርት ያለ ነጥብ ከሆነ ያነሰው ማጉላቱ ነው። በሁለቱ ኮከቦች መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በማዕዘን ሰከንድ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ ደግሞ 60 ሰከንድ ነው። ክፍተቱን በማጉላቱ አባዙት። ውጤቱ ከ240 እስከ 300 ካልደረሰ ዓይን ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል።

ካስተር የተባለውን ደማቅ ኮከብ እንውሰድ። መጋቢት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሐይቁ አዙራችሁ ቀና ስትሉ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ክፍተቱ 5.5 ሰከንድ አካባቢ ነው። በባለ 25ቱ 5.5 ጊዜ 36፣ 198 ይሆናል። አይበቃም። በባለ 10ሩ 495 ይመጣል፣ ኮከቡም ቁልጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1803 እነዚህ ሁለት ኮከቦች አንዱ በሌላው ዙሪያ እንደሚዞሩ ያሳየው ይህንኑ ጥንድ ለዓመታት ለክቶ ነው።

አሁን ደግሞ ኤፕሲሎን ላይራ የተባለውን ኮከብ እዩ። ጥቅምት ላይ እንደመሸ በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። በትንሽ ማጉላት ሁለት ኮከብ ይታያል፣ ከሁለቱ እያንዳንዱ ደግሞ ራሱ ጥንድ ነው፣ ክፍተቱም 2.3 ሰከንድ አካባቢ። በባለ 10ሩ 207 ነው፤ ኮከቡ ረዘም ያለ ይመስላል እንጂ አይከፈልም። በ150 ማጉላት ግን 345 ይሆናል፣ ይከፈታልም። 150 የሚሰጠው ባለ 6 ሚሊሜትር ነው። እሱ ደግሞ ከቴሌስኮፔ ጋር በመጣው ሳጥን ውስጥ አልነበረም!

ገደብ አለው ግን። 116ን ለመስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር አካፍሉ። ለኔው 1 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ የጠበበን ጥንድ በየትኛውም አይፒስ አልከፍለውም፣ ገንዘቤንም አላወጣበትም።

«በባለ 4ቱ ሳየው ጭራሽ ደበዘዘብኝ»

ስለዚህኛው ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቴሌስኮፑን ቁምሳጥን ላይ የሚሰቅለው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ቴሌስኮፕ የማጉላት ጣሪያው በግምት የመስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ሁለት እጥፍ ነው። ለ114 ሚሊሜትር 228 ማለት ነው። ባለ 4ቱ 225 ስለሚያጎላ ጣሪያው ላይ ቆሟል። ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ጨረር ስፋት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ የራሳችሁ ዓይን ውስጥ የሚንሳፈፉ ክሮች ሳይቀሩ ይታያሉ፣ የአየሩ መናወጥም አብሮ ይጎላል። በዚያ ላይ ማጉላቱን ሦስት እጥፍ የሚያደርገውን ባርሎው፣ ማለትም ከአይፒሱ በፊት የሚገባውን ተጨማሪ ሌንስ፣ ከጨመራችሁበት 675 ይደርሳል። ይህ ቁጥር ካርቶን ላይ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ሰማዩ ላይ ግን ምንም አያሳይም።

መፍትሄው በ10 እና በ4 መካከል ያለውን ባዶ ቦታ መሙላት ነው። ባለ 6 ወይም ባለ 7.5 ሚሊሜትር ፕሎዝል (የተለመደ የአይፒስ ዓይነት ነው) አንድ ብቻ ግዙ። ለጥንድ ኮከብ ከዚህ የተሻለ የሚጠቅም ወጪ አላውቅም። ባለ 6 ፕሎዝል ዓይንን በጣም አስጠግቶ ማየት ይጠይቃል፤ ሽፋሽፍት ሌንሱን ይነካል። ይህ ካስቸገራችሁ ባለ 12 ወይም ባለ 15 ገዝታችሁ ከሁለት እጥፍ ባርሎው ጋር አገናኙት። 12 ሲካፈል ለ2፣ 6 ነው፣ ግን ዓይናችሁ ትንፋሽ ያገኛል። መነጽር የምታደርጉት ለቅርብ ወይም ለሩቅ ብቻ ከሆነ አውልቃችሁ ፎከሱን እንደገና አስተካክሉ።

«ኮከቡ እንደ ፈላ ውሃ ይንተከተካል»

አይፒሱን አትውቀሱት። መስታወቱ ገና አልቀዘቀዘም ወይም የምታዩት በሞቀ ጣራ ላይ አሻግራችሁ ነው። ቴሌስኮፑን ከቤት አውጥታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ቡናው እስኪፈላ በሉት። ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮና ኮንክሪት ማታ ሙቀቱን ይለቅቃል። ከሰገነት ላይ ሆናችሁ ወደ ከተማው ከምታዩ ሣር ላይ ቆማችሁ ወደ ሐይቁ ብታዩ በጣም ይሻላል። የዚያን ማታ አየሩ አልረጋ ካለ ባለ 10ሩን አድርጉና ሰፋ ያሉትን ጥንዶች እዩ።

«ደህና እያየሁ ሳለሁ ብርሃን ከበበውና ደበዘዘ»

ጤዛ ነው። ሐይቅ ዳር ይህ የሁልጊዜ እንግዳችን ነው። ትንፋሻችሁም ሌንሱን ያጨልመዋል። በጋቢ ጫፍ አትጥረጉት፣ ይጫጫራል። እኔ የማልጠቀምባቸውን አይፒሶች ጋቢዬ ውስጥ፣ ደረት ኪሴ ላይ አሞቃቸዋለሁ። የጨለመውን አውጥቼ የሞቀውን አስገባለሁ፣ ሌሊቱን በዚህ መልክ እዘልቃለሁ።

«ሁሉም ኮከብ ጭራ አለው፣ ወይም ሁሉም ሁለት ይመስላል»

ሁሉም ጥንድ ከመሰለ አንዱም ጥንድ አይደለም። አንድ ደማቅ ኮከብ መሃል ላይ አድርጉና አይፒሱን በቦታው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ጭራው አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የአይፒሱ ነው። ካልዞረ ጭንቅላታችሁን አዘንብሉ። አብሮ ከዘነበለ ዓይናችሁ ነው፣ ሐኪም ማየት አለበት። ሁለቱም ካልሆነ መስታወቱ ከመስመሩ ወጥቷል፣ በኋላ በኩል ባሉት ብሎኖች ይስተካከላል።

«ደማቁን አየዋለሁ፣ ትንሹ ግን ጠፋኝ»

ሪጀል የተባለው ደማቅ ኮከብ እንዲህ ነው። ክፍተቱ 9.5 ሰከንድ ያህል ስለሆነ በባለ 10ሩ ይከፈላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ግን ትልቁ ከትንሹ 400 እጥፍ ገደማ ይደምቃል፣ ይውጠዋል። ሁለት ነገር ይረዳል። አንዱ የአይፒሱ ንጽህና ነው፤ የሽፋሽፍት ቅባት የነካው ሌንስ ብርሃኑን ይበትነዋል። ሌላው ሰዓቱ ነው። የካቲት ላይ ሪጀል ገና ሳይጨልም ከፍ ብሎ ይገኛል፣ የሰማዩ ወገግታ ድምቀቱን ያበርድለታል። ድንግዝግዝታው እዚህ አገር አጭር ስለሆነ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። በባለ 6ቱ ሞክሩ።

ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ ደማቁን፣ ሲሪየስን፣ ግን ለአሁኑ ተዉት። ትንሹን ጓደኛውን የቴሌስኮፕ ሠሪው አልቫን ግርሃም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1862 ያየው 47 ሴንቲሜትር በሆነ ሌንስ ነው።

«አንዱ ወገን ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነብኝ»

ይህ የሚያጋጥመው ከአድማስ ብዙ ባልራቁት የደቡብ ኮከቦች ላይ ነው። አየሩ ራሱ እንደ ፕሪዝም ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ውድ አይፒስ ቢገዛም ያው ነው። ከነዚህ ኮከቦች አክሩክስ የሚባለው ከኛ ከተማ ሲታይ ከአድማስ በላይ ከ15 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ አልፋ ሴንታውሪ ደግሞ 17 ወይም 18 ቢደርስ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ቦታቸው ላይ እስኪደርሱ ጠብቁ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አክሩክስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ አልፋ ሴንታውሪ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይደርሳሉ። ባለ 10ሩ ይበቃችኋል፤ የአክሩክስ ክፍተት 4 ሰከንድ ገደማ ነው። ለኛ አስቸጋሪው ሐይቁ በሰሜን፣ ከተማው በደቡብ መሆኑ ነው፣ እነዚህን የምናያቸው በመብራትና በጣራ ላይ አሻግረን ነው። ጎርጎራ ዘመድ ያላችሁ ግን ታደላችሁ! እዚያ ደቡቡ ውሃ ነው። አልፋ ሴንታውሪ ጥንድ መሆኑን ዣን ሪሾ የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1689 ያየው ከሕንድ አገር፣ ከፖንዲቼሪ ሆኖ ነው። እሷም እንደኛው ከ12 ዲግሪ ሰሜን ብዙ አትርቅም።

«የገዛሁት አይፒስ አልገባ አለኝ»

ደርሶብኛል። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ብር ሰጥቼ፣ ሁለት ወር ጠብቄ፣ ሻጩ ይገባል ያለው አይፒስ ሰፍቶ ቁጭ አለ። በጣም ነው ያናደደኝ። የአይፒስ እግር 24.5፣ 31.7 ወይም 50.8 ሚሊሜትር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁትን በማስመሪያ ለኩ።

«ሁለቱም ይታያሉ፣ ቀለማቸው ግን ጠፋ»

አበዛችሁት። አልቢሪዮ የተባለው ጥንድ ክፍተቱ 35 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ባለ 25ቱ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ስታጎሉት ቀለሙ ይሳሳል። ባለፈው ጥቅምት የጎረቤቴን ልጅ ባለ 10ሩን አድርጌ አሳየሁት፣ «ሁለት ነጭ ናቸው ጋሼ» አለኝ። ወደ ባለ 25ቱ መለስኩና ፎከሱን በጣም ትንሽ አላላሁለት። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «አንዱ እኮ ወርቅ ነው፣ ትንሹ ሰማያዊ!» ብሎ እናቱን ሊጠራ ሮጠ።