ቆዳ ለሚሰፋ ሙሽራ የሚሆን ቀለበት

ጎንደር ላይ ጫማ፣ ቀበቶ ወይም ቦርሳ እየሠራችሁ ለጥር ሰርግ የምትዘጋጁ፣ ቀለበት ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ፈርጥ ያለው ይቅርባችሁ። ፈርጡን የሚይዙት ጥፍሮች ክር ይጎትታሉ፣ ለስላሳ ቆዳ ይጭራሉ። ማስቲሽና ቀለም ከጥፍሮቹ ሥር ገብቶ ይደርቃል፤ ከዚያ በመርፌ መጎርጎር ነው። ጌጥ የተቀረጸበትም ያው ነው።

ልሙጥ፣ ጠበብ ያለ፣ ጠርዙ ያልሰላ አሠሩ። ወርቁ 18 ካራት ቢሆን ጥሩ ነው። 75 በመቶው ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ስለሆነ ከ21 ካራት በተሻለ ጭረትና መጣመም ይቋቋማል። ዘመድ «21 ካልሆነማ!» ማለቱ አይቀርም። መዶሻና ወስፌ የሚይዘው ግን ዘመድ አይደለም።

ልኩን ጠዋት አትለኩ። ጣት ሲሠራና ሲሞቀው ያብጣል፤ ከሥራ በኋላ ተለኩ። አንጓው ላይ ትንሽ ታግሎ የሚያልፍ ይሁን።

የስፌት ማሽን ወይም መሞረጃ ሞተር ላይ ግን ልሙጡም ቢሆን ይውለቅ። ማሽን ቀለበት ከያዘ ጣትም ይዞ ይሄዳል። ማተብ ላይ ማንጠልጠልም አይበጅም፣ እሱንም ይስበዋል። ክዳን ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከሚስማሩ ቆርቆሮ ለየት ያለች ትሁን እንጂ።